ድድና መገጣጠሚያ፦ ስለ ደም ምርመራው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድድ በሽታና ሩማቶይድ አርትራይተስ ዝምድና አላቸው የሚለው ወሬ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ብዙ ሰው ጋር ደርሷል። ሩማቶይድ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ወሬው ሲደርስ ግን ተዛብቷል። አንዱ ጭራሽ ያጣጥለዋል፤ ሌላው ደግሞ ድዴን ካሳከምኩ ይበቃኛል ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። የበለጠ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው።

«ሲአርፒ ከፍ ካለ ሩማቶይድ አለብኝ ማለት ነው»

ሲአርፒ ጉበት የሚሠራውና በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን ነው። ጉበት የሚያመርተው በዋናነት ኢንተርሉኪን-6 የተባለው መልእክተኛ በደም በኩል ሲደርሰው ሲሆን፣ መልእክቱ ከድድ ይምጣ ከጉልበት ወይም ከሳንባ ለይቶ አያውቅም። ቁጥሩ የሆነ ቦታ መቆጣት እንዳለ ይነግራል፤ ቦታውን አይናገርም።

ብዙ ላቦራቶሪዎች በሊትር ከ5 ወይም ከ10 ሚሊግራም በታች ያለውን ጤናማ ይሉታል። ሥር የሰደደ የድድ በሽታ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ይህን ቁጥር በጥቂቱ ነው ከፍ የሚያደርገው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 60 ወይም 80 ከታየ በድድ ማሳበብ አይገባም፤ ሌላ ኢንፌክሽን ወይም የተቀሰቀሰ መገጣጠሚያ መፈለግ አለበት።

ምርመራው የተሠራበት ቀንም ለውጥ ያመጣል። ከድድ ሥር ጥልቅ እጥበት ከተደረገ በኋላ ሲአርፒ ለጥቂት ቀናት ሊያሻቅብ ይችላል፤ መግል የቋጠረ ጥርስም እንዲሁ። ቀስቃሹ ሲቆም በደም ውስጥ ያለው መጠን በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ቀይ የደም ሕዋሳት የሚዘቅጡበትን ፍጥነት አይቶ መቆጣትን የሚጠቁመው፣ ኢኤስአር የተባለው ሌላው የደም ምርመራ ግን ዝግተኛ ነው። ለመውረድ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ የደም ማነስ፣ እርግዝናና ዕድሜም ከፍ ያደርጉታል። ሁለቱ ባይስማሙ የግድ ላቦራቶሪው ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ይህ ለምን ያሳስባል? የሩማቶይድን ጥንካሬ የሚለካው ዳስ-28 የተሰኘው ስሌት ከ28 መገጣጠሚያዎች ውስጥ የሚያሙትንና ያበጡትን ቆጥሮ፣ የታማሚውን ስሜት ጠይቆ፣ ከሲአርፒ ወይም ከኢኤስአር ጋር ያጣምራል። ከአፍ የመጣ መቆጣት ውጤቱን ከፍ ካደረገው፣ መገጣጠሚያው ሳይብስ የመድኃኒት መጠን እንዲጨመር ሊያደርግ ይችላል። ሰሞኑን ጥርስ የታከመ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት ይህን ለሐኪሙ ቢነግር ትልቅ ጥቅም አለው።

«ሲአርፒ ጤናማ ከሆነ ምንም የለብኝም»

ይህም አያስኬድም። መገጣጠሚያቸው በግልጽ አብጦ ሲአርፒያቸው ጤናማ የሚሆን ሰዎች አሉ። በተለይ ቶሲሊዙማብ የተባለውን የሩማቶይድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይጠንቀቁ፦ መድኃኒቱ የኢንተርሉኪን-6ን መንገድ ስለሚዘጋ፣ ጥርስ ሥር መግል ቢቋጠርም ሲአርፒ ዝቅ ብሎ ሊቀር ይችላል። እነሱ ዘንድ ሕመምና እብጠት ከቁጥሩ ይልቅ ይታመናሉ።

«የድድ ባክቴሪያ ሄዶ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል»

በስፋት የሚጠናው ሐሳብ ሌላ ነው። ድድን ከሚጎዱት ባክቴሪያዎች አንዱ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ በፕሮቲን ውስጥ ያለውን አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ሲትሩሊን ወደተባለ ሌላ የሚለውጥ የራሱ ኢንዛይም አለው። አግሪጋቲባክተር የተባለው ሌላው ደግሞ በመርዙ ነጭ የደም ሕዋሳትን አዛብቶ ራሳቸው ይህን ለውጥ ከመጠን በላይ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። የተለወጠው ፕሮቲን ለሰውነት መከላከያ እንደ ባዕድ ይታየዋል፤ ሲጋለጥ የቆየ ሰውነት በዚህ ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድን የሚዋጋ ፕሮቲን፣ ሊያዘጋጅ ይችላል። አንቲ-ሲሲፒ የሚባለው የደም ምርመራ የሚፈልገው ይህንኑ አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው መገጣጠሚያ ከማበጡ ከዓመታት በፊት ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ አፍ አንዱ መነሻ ሊሆን ይችላል የተባለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም የድድ በሽታ ያለበት ሁሉ ሩማቶይድ አይይዘውም። ዘርና ሲጋራ ማጨስ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው የሩማቶይድ መለያ መስፈርት ከ10 ነጥቦች ቢያንስ 6ቱ ያስፈልጋሉ፤ በጣም ከፍ ያለ አንቲቦዲ 3 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከፍ ያለ ሲአርፒ ወይም ኢኤስአር 1 ብቻ ያስገኛል። የሁለቱ ምርመራዎች ክብደት እኩል አይደለም።

«ድዴ አይደማም፤ ስለዚህ ጤነኛ ነው»

የሚያጨስ ሰው ድድ ቢታመምም ደም ላይታይበት ይችላል። እርግጡን የሚናገረው መለኪያው ነው፦ የጥርስ ሐኪም በቀጭን ዘንግ እያንዳንዱን ጥርስ በስድስት ቦታ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ጤናማ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲነካ የሚደማ ከሆነ ክትትል ይፈልጋል።

«ድዱ ከታከመ ሩማቶይዱ ይድናል»

ከድድ ሥር የተደረገ እጥበት በአንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች የሩማቶይዱን ጥንካሬ ቀንሷል፤ በሌሎች ግን ለውጥ አላመጣም። ድድን ማሳከም ጥርስን ለማትረፍ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የሩማቶይዱን መድኃኒት ግን አይተካም። ሜቶትሬክሴትን በራስ ፈቃድ ማቆም መገጣጠሚያውን እስከ መጨረሻው ሊያበላሽ ይችላል። ይህ መድኃኒት ለሩማቶይድ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ በየቀኑ በስህተት መውሰድ ለሞት ሊዳርግ ይችላል። አፍ ውስጥ ቁስል ካወጣም ለሐኪም ይነገር፤ የድድ በሽታ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

«እጄ ስለሚያመኝ መቦረሽ አልችልም»

የብሩሹን እጀታ በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር፣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብሩሽ መጠቀም ብዙ ያቀላል። ለስላሳውን ብሩሽ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ በ45 ዲግሪ ጋደል አድርጎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ2 ደቂቃ ነው መቦረሽ ያለበት። በጥርስ መካከል ለሚቀረው ክር መያዝ ለሚያስቸግረው ሰው እጀታ ያላት ትንሿ የጥርስ መሃል ብሩሽ ትሻላለች፤ መጠኗን የጥርስ ሐኪሙ እንዲመርጥ ያድርጉ፤ ከክፍተቱ የቀጠነች ሳታጸዳ ታልፋለች፣ የወፈረች ድድ ታቆስላለች።