ስታዲየም ላይ መብረር ክልክል ከሆነ እነዚያ አሮጌ አውሮፕላኖች ከየት መጡ?

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (እግር ኳስ አይደለም፣ የእነሱኛው) የሚያይ ሰው፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል አሮጌ አውሮፕላኖች በስታዲየሙ ላይ ሲያልፉ አይቶ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ደንቡ ጥብቅ ነው። 30,000 ወይም ከዚያ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም የዲቪዚዮን አንድ (የኮሌጅ ውድድር ከፍተኛው ደረጃ) ቡድኖች ሲጫወቱ፣ በ3 ኖቲካል ማይል (5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) ዙሪያ፣ ከመሬት እስከ 3,000 ጫማ ድረስ መብረር አይቻልም። ክልከላው ጨዋታው ሊጀመር 1 ሰዓት ሲቀረው ይጀምርና ካለቀ ከ1 ሰዓት በኋላ ያበቃል። ድሮንም አይቀርለትም።

ታዲያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማሰልጠኛ የነበሩት ቲ-6 ቴክሳኖች ተሰልፈው ሲያልፉ ማንም አይናገራቸውም። ለምን? ከፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አስቀድመው ልዩ ፈቃድ ስለወሰዱ ነው። በቃ።

የሚያስጨንቀው ሰዓቱ ነው። ብሔራዊ መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ከች ማለት አለባቸው። ስለዚህ ራቅ ብለው እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ሜዳ ላይ ሬዲዮ የያዘ ሰው «ዘፋኟ ጀመረች» ይላቸዋል። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዘፋኟ መጨረሻው ላይ ድምፅዋን 15 ሰከንድ ከጎተተች፣ 1 ኪሎ ሜትር አለፈ ማለት ነው። አስተዋዋቂውም ቸኩሎ «ወደ ላይ ተመልከቱ» ካለ፣ ሕዝቡ የሚያየው ባዶ ሰማይ ነው። እኔ ብሆን የአብራሪዎቹን ስም የማነበው የሞተሩ ጩኸት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ከዚያ በፊትማ ማን ይሰማል?