ስለ ልጆች ኮዲንግ ተደጋግመው የሚነገሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ስክራች የተባለውን የኮዲንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ የመስጫ፣ ፕሮግራም አስተምራለሁ። ስክራች ላይ ልጆች ኮድ በፊደል አይጽፉም። ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለቀለም ብሎኮች እየገጣጠሙ ተረት፣ ጨዋታና አኒሜሽን ይሠራሉ። አሜሪካ ያለው ኤምአይቲ የተባለ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን በነፃ ይገኛል። ከወላጆችም ከመምህራንም የምሰማቸውን አንዳንድ ነገሮች እዚህ ላንሳ።

«እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ አይገባውም»

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስንቱን ልጅ ሳይሞክረው አስቀርቶታል። ስክራች በአማርኛ ይሠራል። ከላይ ካለው ማውጫ ቋንቋውን መቀየር ብቻ ነው፤ ብሎኮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ አማርኛ ይለወጣል።

«ኢንተርኔትና ብዙ ኮምፒውተር ይፈልጋል»

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዓይነትም አለው። አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ መጫን ይቻላል። አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ልጅ ይበቃል፤ አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሁለቱ ያስባሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ገበጣ አለን። «ገበጣ አይቶ ለማያውቅ ሰው አጨዋወቱን ጻፉ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ሌላው ቡድን የተጻፈውን ብቻ እየተከተለ ይጫወታል። አንድ ቡድን «ጠጠሩን አንሥተህ አንድ አንድ እየጣልክ ሂድ» ብሎ ጻፈ። የሚጫወተው ልጅ እጁን እንዳነሣ ቀረ። ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? እስከ የት? ይቺ «እስከ የት» የምትለዋ ጥያቄ ኮዲንግ ውስጥ ድግግሞሽ የሚባለው ነገር፣ ማለትም አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ ማሠራት፣ እምብርት ናት። ያለ ምንም ኮምፒውተር ተማሯት።

«ሁሉም እንደ መምህሩ ከሠሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው»

ብዙ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እኔም እንደዚህ አስብ ነበር። ስክራች ሲከፈት አንዲት ድመት ትመጣለች። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ድመቷን ሳስኬድ እነሱም ያስኬዳሉ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በየስክሪኑ ያችው ድመት፣ ያው እርምጃ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት «አሁን የራሳችሁን ሥሩ» ስላቸው ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ያስተማርኳቸው መቅዳት ነበር።

አሁን «ከሰፈራችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር አምጡ» ብዬ እጀምራለሁ። ዝም ብሎ «የፈለጋችሁትን ሥሩ» ማለትም አይሠራም፤ ሜዳው ሲሰፋባቸው ልጆች ይፈዛሉ። የበግ ገበያ የሠራ አለ፤ የሻጩን ድምፅ ራሱ ቀድቶ አስገባ። ከመንዝ በኩል የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ ጭላዳ ሣለች። ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቦታ ሦስት ጊዜ አጥፍታ ነው የሣለቻት። ቀን ሳር ሲግጥ ውሎ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ እንዲያድር ፈለገች። ጭላዳ እውነትም ገደል ላይ ነው የሚያድረው፤ ይሄን ማንም አላስተማራትም።

ችግሩ፣ ጭላዳዋ የስክሪኑ ጠርዝ ደርሶ ሲመለስ ተገልብጦ በአናቱ መሄድ ጀመረ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ብሎኮቹን አንድ በአንድ እየሞከረች ቆየች፤ በመጨረሻ ዞሮ የሚያይበትን አቅጣጫ ግራና ቀኝ ብቻ የሚያደርገውን ብሎክ አገኘች። ይሄን ሁሉ ትዕግሥት ያመጣው የራሷ ጭላዳ መሆኑ ነው። ለእኔ ድመት ማን ይሄን ያህል ይለፋል?

የሒሳብና የትምህርት ተመራማሪው ሲሞር ፓፐርት ገና እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሠርቷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ወለሉ ዝቅ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ መሆን አለበት ይል ነበር፤ ለመጀመር ቀላል፣ ለማደግ ክፍት ማለቱ ነው። የስክራችን ቡድን የመራው ሚቸል ሬዝኒክ ግድግዳውም ሰፊ ይሁን ብሎ ጨመረበት። አንዱ በበግ ገበያ፣ ሌላዋ በጭላዳ የሚገቡበት ስፋት ማለት ነው።

«ከጓደኛ ወስዶ ማሻሻል ኩረጃ ነው»

ፈተና ላይ አዎ። ስክራች ላይ ግን የሌላውን ሥራ ከፍቶ ማየትና የራስን መጨመር የተለመደ የመማሪያ መንገድ ነው። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ከማን ወሰድክ? ምን ጨመርክበት?

«መምህሩ ቀድሞ ሁሉን ማወቅ አለበት»

ያቺው ልጅ ጭላዳዎቿን አራት አደረገቻቸው። ሲመሽ ግን አራቱም እኩል ይወርዳሉ። «መምህር፣ በየተራ እንዲወርዱ እንዴት ላድርግ?» አለችኝ። «እኔም አላውቀውም፣ አብረን እንፈልገው» አልኳት። ወንበሯን ገፋ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ሰጠችኝ።