የፋንታሲ መጽሐፍ ቲቪ ላይ ሲወጣ አንባቢው ምን ይፈራል? በደሴና ኮምቦልቻ አንባቢዎች ዓይን የተደረገ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው ይሄን ማዘጋጀት የጀመርኩት። የያዝኩት ምንጭ ብዙ አይደለም፤ ደሴ ያለው የንባብ ቡድናችን ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ቴሌግራም ላይ ያከማቸው መልእክት፣ የራሴ ደብተር፣ ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት ጓደኞቼ ያወሩኝ ነገር እና ደራሲዎቹ ራሳቸው በአደባባይ የተናገሩት ነው። ስለዚህ ብዙ ያወራንበት ተከታታይ ፊልም ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ያላወራንበት በአንድ መስመር ያልፋል። ዓ.ም ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ፋንታሲ ምንለው ድግምት፣ ድራጎን፣ ደራሲው ራሱ የፈጠረው አገርና ታሪክ ያለበት ልብወለድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ በአንድ ቅጽ አያልቅም። ወደ ቲቪ ሲመጣ አንባቢ ሚፈራው ብዙ ነው፤ ይቆረጣል፣ ይጨመርበታል፣ ተዋናዩ አይመስልም፣ ሳያልቅ ይቋረጣል ምናምን። እኛጋ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ስንከራከር ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ያደረገውን ነገር ለምን አደረገው? ድርጊቱ ሲቀየር ሰው ይናደድና ይረሳዋል፣ ምክንያቱ ሲቀየር ግን ከዓመታት በኋላም ያነሳዋል።

መጽሐፉ እንዴት ደረሰን

ከኛ መሃል እነዚህን መጻሕፍት አዲሱን ገዝቶ ያነበበ የለም፣ ፒዲኤፍ ነው ያነበብነው። ስልክ ላይ ዓይን ሲያደክም ኮፒ ቤት ወስደን አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሁለት ገጽ አድርገን አስወጥተን በስፓይራል እናስጠርዘዋለን፣ ከዛ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ሆጤ እያለ ይዞራል። የመጀመሪያው ጥራዛችን የሽፋን ላስቲኩ ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ ነው፣ ጠርዙ ላይ የቡና ጠብታ አለ፣ ሦስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ጎን ለጎን የቃላት ትርጉም ጽፎበታል።

እንግሊዝኛው ለሁሉም እኩል ስለማይቀል አንዱ ያነብና ለሌላው ይተርካል፣ ይሄ ነው የደሴን አንባቢ ለየት የሚያደርገው ብዬ የማምነው። ወሎ ቡና ተፈልቶ ዝም ብሎ የሚጠጣበት አገር አይደለም፣ ከአቦል እስከ በረካ ወሬ አለ፣ ታሪክ አለ። የአንድ ጓደኛችን እናት ቡና ሲያፈሉልን እኛ እንተርክ ነበር፣ ሕጉም ግልጽ ነበር፦ ከራስህ አትጨምር፣ ከረሳኸው ረሳሁ በል። መተረክ መቀየር እንዳለው እናውቃለን፣ አንድ ቅጽ ሙሉ በሦስት ቡና ሲያልቅ ብዙ ነገር ይዘለላል። ስለዚህ ቲቪ ለምን ቆረጠ ብሎ ብቻ ሚያኮርፍ ሰው እኛጋ ብዙ አልነበረም፣ ራሳችንም ቆራጮች ነበርን እኮ።

የኮምቦልቻዎቹ ታሪክ ይለያል። እዛ ያሉት በአብዛኛው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ካምፓስ ተማሪዎች ስለነበሩ ዋይፋይ ነበራቸው፣ ፊልሙን ቀድመው አውርደው ያዩና ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥተው ፍላሹን ያመጡልን ነበር። እኛ አንብበን ነው የምናየው፣ እነሱ አይተው ነው የሚያነቡት። የትኛው ይሻላል ሚለው እስካሁን አልተፈታም፣ እኔ ግን ማንበቡ መቅደም አለበት ባይ ነኝ፣ ይሄን የምለው ደሴ ስለሆንኩ አይደለም።

ጌም ኦፍ ትሮንስ

መዝገባችን ውስጥ እንደዚህ የተወራበት የለም። የጆርጅ ማርቲን የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው 1996 ነው፣ ኤችቢኦ የሚባለው የአሜሪካ ቲቪ ማሳየት የጀመረው ሚያዝያ 2011፣ አምስተኛው መጽሐፍ የወጣው ደግሞ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ፊልሙ እስከ 2015 መጽሐፉን ይዞ ሄደ፣ ከስድስተኛው ሲዝን ጀምሮ መጽሐፉን አልፎት ሄደ። አንባቢው እስከዛ ድረስ "ይሄ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ" እያለ ኩራት ነበረው፣ ከዛ በኋላ ካላነበበው ሰው ጋር እኩል ሆነ።

የመጀመሪያው ትልቅ ጭቅጭቅ አምስተኛው ሲዝን ላይ ስታኒስ የሚባለው ዙፋን ፈላጊ ልጁን በእሳት ያስበላበት ክፍል ነው። መጽሐፉ ላይ እስካለንበት ድረስ ልጅቷ በሕይወት አለች፣ አባትየውም አጠገቧ የለም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ሀሳቡን ከራሱ ከደራሲው እንደሰሙት ተናግረዋል፣ ስለዚህ ወደፊት መጽሐፉም ላይ ሊመጣ ይችላል። ቡድናችን ውስጥ ግን ክርክሩ "ይደረጋል ወይስ አይደረግም" አልነበረም፣ "ይሄ ሰውዬ እዚህ ድረስ በምን መንገድ ደረሰ" የሚል ነበር። አንዱ ልጅ የላከው የድምፅ መልእክት አሁንም አለ፣ 7 ደቂቃ ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስታኒስ ሕግ እንዴት እንደሚያከብር ከመጽሐፉ እየጠቀሰ ነው የሚያወራው።

መጨረሻው ደግሞ ይታወቃል። ሰባተኛው ሲዝን 7 ክፍል፣ ስምንተኛው 6 ክፍል ሆነ፣ ከዛ በፊት የነበሩት እያንዳንዳቸው 10 ነበሩ። በጠቅላላ 73 ክፍል ሆኖ ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም አለቀ። ዋና ከተማው እጅ ሰጥቶ ደወል ከተደወለ በኋላ ዙፋኑን የምትፈልገው ዴኔሪስ ድራጎኗን ይዛ ሕዝቡን ያቃጠለችበትን ክፍል ያየ ሰው ሁሉ ሚጠይቀው ያው ለምን ነው። ተበድላለች፣ አብዳለች፣ የዕብዱ አባቷ ደም አለባት፣ ይሄ ሁሉ ሊባል ይችላል፣ ዘሩ ቀድሞ ተዘርቷል ሚሉ አሉ፤ ግን እዛ ለመድረስ ቢያንስ አንድ ሲዝን ሙሉ ያስፈልግ ነበር። ከሰሜን እስከ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ ላይ ብዙ ክፍል ይፈጅ የነበረ መንገድ ወደ መጨረሻው በአንድ ክፍል መሃል ሲያልቅ ሰው መንገዱን ብቻ አይደለም ያጣው፣ መንገድ ላይ ሚያስቡበትን ጊዜም ነው ያጣው። የመጨረሻው ሲዝን እንደ አዲስ ይሠራ ብለው ኢንተርኔት ላይ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል።

እኛ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ፍላሽ ይዘን ሄደን ካስጫንንበት ቤት የመጣልን የአማርኛ ትርጉም የተደረበበት ነበር፣ ማለት አንድ ሰው በሁሉም ድምፅ ላይ እየተናገረ የራሱን ቀልድ እየጨመረ። ትርጉም ፊልም ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰውም በር ከፍቷል፣ ያን አልክድም። ግን ደራሲው የጻፈውን ፊልም ሠሪው ቀይሮት፣ ፊልም ሠሪው የሠራውን ተርጓሚው ቀይሮት ሲመጣ ሰውየው ለምን እንዳለቀሰ ጭራሽ አታውቅም። ሁለት ቀን ጠብቀን ነው ዋናውን ከኮምቦልቻ ያገኘነው።

በዚሁ ዓለም ከዛ በፊት የነበረውን ዘመን የሚተርከው ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን በ2022 ጀመረ። እዚህ ላይ የሚጠቀሰው 2024 መስከረም ላይ ማርቲን ራሱ በገጹ የጻፈው ነው፤ ሜይለር የሚባለው ትንሹ ልጅ ከፊልሙ ስለወጣ ከሱ ጋር የተያያዙ ሌሎች ነገሮች አብረው እንደሚፈርሱ ዘርዝሮ ጽፎ ነበር፣ ቆይቶ ጽሑፉ ተነሳ። አንባቢ ለዓመታት ሲለው የነበረውን ነገር ደራሲው ሲለው ማየት ለኛ ትልቅ ነገር ነበር፣ ያን ቀን ቡድናችን ውስጥ ሰው አልተኛም።

ዊል ኦፍ ታይም

ሮበርት ጆርዳን የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1990 አወጣ፣ በ2007 ሳይጨርስ ሞተ፣ ብራንደን ሳንደርሰን ከማስታወሻዎቹ ተነስቶ በ2013 ጨረሰው፤ 14 ቅጽ ነው፣ ከሱ በፊት ያለውን ታሪክ ሚናገር አንድ ተጨማሪም አለው። እኛ ብዙ የተረክነው ይሄን ነው፣ ስለዚህ ብዙ የፈራንለትም ይሄን ነው።

አማዞን የመጀመሪያዎቹን 3 ክፍሎች የለቀቀው ኅዳር 10 ቀን 2014 ዓ.ም ነው። ከጥቅምት ማብቂያ ገደማ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ስለነበሩ ከነዚያ ሳምንታት ቴሌግራማችን ላይ አንድም መልእክት የለም።

ያየነው ወራት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የደነገጥነው በስም አጠራር ነበር፤ እኛ እንደተጻፈው "ሞይሬን" ስንላት የኖርናት ሴትዮ "ሟሬን" ሆና መጣች፣ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የአጠራር መፍቻ እንዳለ ያኔ ነው ልብ ያልነው። ሁለተኛው መልክዓ ምድሩ ነው። እኔ ኤመንድስ ፊልድ የሚባለውን መንደር ሳነብ ከጀርባው ያለው ተራራ ጦሳ ነበር፣ ጉም ሲወርድበት፣ ማታ ብርዱ አጥንት ሲገባ፣ ሌላ ተራራ አስቤ አላውቅም። ፊልሙን ካየሁ በኋላ መጽሐፉን ስገልጥ ጦሳ የለም፣ የፊልሙ ተራራ ነው የሚመጣው። ይሄን ማንም አላጠፋም፣ ግን ጠፍቷል፣ ብዙ አንባቢ ሚፈራውና በቃላት መግለጽ ሚያቅተው ስጋትም ይሄ ይመስለኛል።

ዋናው ግን ፔሪን ነው። ፔሪን የብረት ቀጥቃጭ ተለማማጅ ነው፣ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ቀስ ብሎ ሚያስብ፣ ምክንያቱም ከልጅነቱ ጀምሮ ከእኩዮቹ ስለሚገዝፍ በግዴለሽነት ሰው እንዳይጎዳ ይጠነቀቃል። ሚስት የለውም። ፊልሙ ገና በመጀመሪያው ክፍል ሚስት ሰጠውና በውጊያ መሃል ሳያውቅ በመጥረቢያ ራሱ እንዲገድላት አደረገ። ይሄን ክፍል ያየነው እዛው ቡና በሚፈላበት ቤት ነው። እናትየው ታሪኩን በጆሮ ነው የሚያውቁት፣ ሁሌም መጀመሪያ የሚጠይቁት "ያ ብረት ቀጥቃጩ ልጅ ደህና ነው?" ብለው ነበር። ሴትየዋ ስትወድቅ ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደሩ ነበር፣ እጃቸውን አቁመው ልጃቸውን ዞር ብለው አዩትና "መቼ አገባ እሱ? አልነገራችሁኝም" አሉ። መጽሐፉ ላይ እንደሌለ ሲነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "እሱ እኮ ሲፈጥረው ጠንቃቃ ነው ብላችሁኝ ነበር፣ አሁን ግን ገድሎ ነው የሚፈራው፣ ይሄማ ሌላ ልጅ ነው" አሉ። ልጃቸው "አብሽሪ እማ፣ ፊልም ነው" አላቸው፣ እሳቸው ግን ቶናውን እስኪቀዱ አልተመለሱም። እኔ ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፣ ከዚህ አጠር አድርጎ የተናገረ አላገኘሁም።

ለማመዛዘን ያህል፣ ውስጥ ያለን ሀሳብ ካሜራ ሊያሳይ ስለማይችል ነው የጨመሩት ሚሉ አሉ፣ አሳማኝ ጎን አለው። ፊልሙ ዳግም የሚወለደው ድራጎን (እዚህ ድራጎን የሚባለው አውሬ ሳይሆን ሰው ነው) ወንድ ብቻ ሳይሆን ሴትም ሊሆን ይችላል ማለቱ ግን ምንም አሳማኝ ጎን የለውም፤ መጽሐፉ ላይ ወንዶቹ የሚጠቀሙበት ኃይል ስለተበከለ ነው ዓለም ሁሉ ያንን ሰው ሚፈራው፣ ያ ከወጣ ፍርሃቱ ባዶ ይሆናል።

ሦስተኛው ሲዝን በ2025 መጋቢት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በአብዛኛው አራተኛውን መጽሐፍ ነው የተከተለው። አራተኛው ክፍል ላይ የታሪኩ ዋና ልጅ ራንድ በመስታወት ዓምዶች መሃል እየተራመደ በአያቶቹ ዓይን ወደ ኋላ ዘመን እየሄደ ያያል፣ አንድ ሕዝብ ሰይፍ ለምን እንደማይነካ፣ ፊቱን ለምን እንደሚሸፍን ምክንያቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየፈታ ያሳየሃል። ቆርጠዋል፣ አሳጥረዋል፣ ግን ምክንያቱን አልነኩትም፣ አንድም ቅሬታ ቡድናችን ውስጥ አልተጻፈም። ግንቦት 2025 ላይ ተሰረዘ። 24 ክፍል ሆኖ፣ ከ14ቱ መጽሐፍ ገና አራተኛው ላይ እያለ። ሲተቹት የነበሩት ራሳቸው ናቸው ይቀጥል ብለው ፊርማ ሲያሰባስቡ የነበሩት።

ሌሎቹ

ሪንግስ ኦፍ ፓወር በ2022 ወጣ። አማዞን መብቱ ያለው በዋናነት በሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ እና ከኋላው ባሉት ተጨማሪ ገጾች ላይ ነው፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የተዘረጋን ዘመን ደግሞ አንድ ላይ ጨምቆታል። ዊቸር ላይ መጻሕፍቱን ይወድ የነበረው ዋናው ተዋናይ ሄንሪ ካቪል ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ ለቀቀ። ፐርሲ ጃክሰን በ2010 ፊልም ሲሆን የ12 ዓመቱን ልጅ ጎረምሳ አድርገውት ነበር፣ በ2023 ደራሲው ራሱ ገብቶበት ወደ ልጅነቱ መለሱት።

የተዋንያን ቆዳ ቀለም ጉዳይ ላይ ሰው ይከፋፈላል። ብዙ ጊዜ ሚሰማው ጥቁር ተዋናይ ለምን ገባ ሚለው ጩኸት ነው፣ የደራሲዋ ኡርሱላ ለ ጉዊን ታሪክ ግን ተቃራኒው ነው። በ1968 ባወጣችው መጽሐፍ ዋናው ጠንቋይ ጌድ ቀይ ቡናማ ቆዳ ያለው ነው፣ የደሴቶቹ አብዛኛው ሰውም ነጭ አይደለም። በ2004 ቲቪ ላይ ሲሠራ ነጭ አደረጉት፣ እሷም በአደባባይ ተቃወመች። እኛ ጌድን ስናነብ መልኩ ከጎረቤት ልጅ አይለይም ነበር፣ ስለዚህ ተቃውሞዋ ገብቶናል።

ከአገራችን በዚህ መስመር መነሳት ያለበት ፍቅር እስከ መቃብር ነው፣ ፋንታሲ ባይሆንም። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው 1958 ዓ.ም ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው የሰማ ሰው ጉዱ ካሳን በሌላ ድምፅ መስማት አይችልም። አንድ ቃል ሳይቀየር እንኳ ድምፁ ብቻ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ሰው ይተካል ማለት ነው፣ ይሄኛውን ግን ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

አሁን ሚጠበቀው የኤችቢኦ ሃሪ ፖተር ነው፣ በ2023 ሚያዝያ ይፋ የሆነው። ስምንቱ ፊልሞች ላይ አንዴም ያልታየው ፒቭስ የሚባለው ሁከተኛ መንፈስ ይመጣል ብለው ተስፋ ያደረጉ አሉ፣ የድሮዎቹን ተዋንያን ፊት ከጭንቅላቴ ማውጣት አልችልም ሚሉም አሉ። የኮምቦልቻዎቹ እንደለቀቁት እናያለን ብለዋል። እኛ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አዲስ አስጠርዘን ማዞር ጀምረናል፣ አሁን ሮቢት ያለ ልጅ ጋ ነው፣ ቀጥሎ ተራው የዛ ቤት ነው፣ እናትየው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራችሁ ተርኩልኝ ብለዋል።