«ዘይት ጨምርበት»፦ ስለ ውድድር ሳይክል አያያዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የውድድር ሳይክል ይዞ ወደ መጠገኛዬ የሚመጣ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነግረኝ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ካቴናው መጮህ ሲጀምር ዘይት አፈሰሰበት፣ ጩኸቱ ሲመለስ ደግሞ ጨመረበት፣ አሁን ማርሹ እየዘለለ አስቸግሮታል። ባሕር ዳር ሳይክል የየዕለት መጓጓዣ የሆነባት ከተማ ስለሆነች ስለ ሳይክል አስተያየት የሌለው ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት የተቀሰመው ማርሽ ከሌለውና ካቴናው ወፍራም ከሆነው ተራ ሳይክል ነው። ያ ካቴና ብዙ በደል ይችላል፤ ከኋላ 11 ወይም 12 ጥርስ (ማለትም ተደራርበው የተቀመጡ 11 ወይም 12 የማርሽ ጎማዎች) ላለው የውድድር ሳይክል የተሠራው ቀጭን ካቴና ግን አይችልም።

«ዘይት በበዛ ቁጥር የካቴናው ዕድሜ ይረዝማል» የሚለው እምነት ከሁሉም የከፋ ነው። ዘይት የሚያስፈልገው ፒኑ (የካቴናውን ክፍሎች የሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) እና ሮለሩ (በዙሪያው የሚሽከረከረው ቀለበት) በሚፋተጉበት፣ ከዓይን በተሰወረው ውስጠኛ ቦታ ነው። ከውጭ የሚያንጸባርቀው ትርፍ ዘይት ካቴናውን ከዝገት ከመከላከል ያለፈ ጥቅም የለውም፤ በበጋ ግን የጎጃምን ቀይ አቧራ እየሰበሰበ ብረት የሚሞርድ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። በዚያ ላይ አዲስ ዘይት ሲፈስስበት ጭቃው ይቀጥንና ወደ ፒኖቹ ዘልቆ ይገባል። ጩኸቱ ለጥቂት ጊዜ ስለሚጠፋ ባለቤቱ መድኃኒት ያገኘ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን እየተበላ ነው። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚጠቀሙ ደግሞ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ያለበትን ነገር በገዛ እጃቸው እየጨመሩ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል።

ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ ብርቱ ወጣት ተወዳዳሪ እግሩ እንደከዳው አድርጎ ያወራኝ ነበር፤ ዳገት ላይ ቆሞ ሲረግጥ ፔዳሉ ድንገት ይሸሽበታል። ውስጡ የተበላ ካቴና ይረዝማልና ስለካው ከመጠን በላይ ረዝሞ አገኘሁት። አዲስ ካቴና ብንገጥምለትም መዝለሉ አልቆመም፤ ምክንያቱም አሮጌው ካቴና የኋላ ጥርሶቹን በራሱ ልክ በልቷቸው ነበር። በወቅቱ አንድ ካቴና ቢቀይር ይበቃው የነበረው ልጅ ሙሉ የኋላ ጥርስ ለመግዛት ተገደደ፤ ዕቃው በቀላሉ ስለማይገኝም የተዘጋጀበት ውድድር አለፈው። ዘይት ያጓደለበት ቀን ግን አልነበረም።

ልኬቱ አስቸጋሪ አይደለም። በሁለት ተከታታይ ፒኖች መካከል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 24 እንዲህ ያሉ ክፍተቶች በአዲስ ካቴና ላይ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ይህ ርዝመት በ11 እና በ12 ጥርስ ሳይክል ላይ 306.3 ገደማ፣ 10 እና ከዚያ በታች ጥርስ ባለው ደግሞ 307.1 ገደማ ከደረሰ ካቴናው መቀየር አለበት። በተራ ማስመሪያ የአሥረኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት መለየት ስለሚያዳግት ርካሹን የካቴና መለኪያ መግዛት ይሻላል።

አያያዙም ይኸው ነው፦ ካቴናው በነጭ ጋዝና በብሩሽ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በእያንዳንዱ ሮለር ላይ አንድ ጠብታ የካቴና ዘይት ይደረግበታል። ፔዳሉ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ከተዘወረ በኋላ ውጩ በደረቅ ጨርቅ እስኪጸዳ ድረስ ይወለወላል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ውልወላ ነው፤ እኔ ግን ከዘይቱ እኩል አየዋለሁ። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው በዘይት ምትክ የቀለጠ ፓራፊን (ሻማ የሚሠራበት ሰም) መጠቀም ይችላል፤ ሲደርቅ አቧራ ብዙም አይዝም። ነገር ግን የፋብሪካው ግራሶ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ አይጣበቅም፤ ሲቀልጥም በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በፈላ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ መሆን አለበት። ማር በሞላበት አገራችን የንብ ሰም ይተካዋል የሚሉ አሉ፤ አይተካውም፣ የንብ ሰም ተጣባቂ ስለሆነ አቧራ ይስባል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ ፓራፊኑን ቶሎ ስለሚያጥበው ለእርጥብ ወቅት የተሠራው ዘይት ይመረጣል።

«ጎማ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል» የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። በደልዳላ መንገድ ላይ እውነት ይመስላል፤ በኮብልስቶንና በተቦረቦረ አስፋልት ላይ ግን ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ሳይክሉንና ነጂውን ወደ ላይ እያነጠረ ወደ ፊት መሄድ የነበረበትን ጉልበት ያባክናል። ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ከ23 ሚሊ ሜትር ጎማ ወደ 28 የተሸጋገሩትና ንፋሱን የቀነሱት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ጠርዙ የጎማውን አፍ የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ቸርኬ ደግሞ ከ5 ባር በላይ ፈጽሞ አይሞላም፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ጎሚስታ ዘንድ በመኪና መጭመቂያ በግምት ማስሞላት ቀርቶ መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ ይሞላ።

«ላቫጆ የወሰድሁት እንዲጸዳልኝ ነው።» በኃይል የሚረጭ ውኃ ከኩሽኔታዎቹ ግራሶውን አስወጥቶ ውኃና አሸዋ ያስገባል። ባልዲ፣ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃሉ።

«ካርቦን ከብረት ስለሚጠነክር ቡሎኑን አጥብቀህ እሰረው።» ካርቦን የሚባለው በሙጫ የተጣበቀ የካርቦን ክር ስለሆነ መጨፍለቅን አይወድም። የመሪው ቡሎን ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል፤ ልኩ ዕቃው ላይ ተጽፎአልና በመለኪያ ቁልፍ ይታሰር።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳይለቁ በቀስታ መያዝ ቸርኬውን አይጎዳም።» ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝበት የካርቦን ቸርኬ ያለው ሰው በዚያ ሁሉ ርቀት ፍሬኑን ሳይለቅ ከወረደ ሙቀቱ ካርቦኑን የሚያጣብቀውን ሙጫ ሊያለሰልስና ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳ ይችላል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይያዝ፣ ከዚያ ይልቀቅና ቸርኬው ይቀዝቅዝ። የፍሬን ጎማውም ለካርቦን የተሠራ ይሁን፤ በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የሠራ ከሆነ የብረት ፍርፋሪ ስለሚቀርበት ወደ ካርቦን አይዛወርም።