ሃይማኖትን ዘር ማድረግ ምንድን ነው?

በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ አንድ የሲክ እምነት (ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመነጨ ሃይማኖት) ተከታይ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ለመግባት አመለከተ። ርእሰ መምህሩ የእምነቱ ምልክት የሆነውን ጥምጥሙን ካላወለቀና ጸጉሩን ካልተቆረጠ አልቀበልም አሉ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየተሸጋገረ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ለነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። ዳኞቹ ሲኮች የጋራ ታሪክና ባህል ያላቸው ሕዝብ ናቸውና በ1976ቱ የዘር ግንኙነት ሕግ ይጠበቃሉ ብለው ፈረዱ። ልጁ ረታ።

በእሱ ቦታ ሒጃብ የለበሰች ተማሪ ብትሆንስ? በሙስሊምነቷ ብቻ በዚያ ሕግ መክሰስ አትችልም ነበር። ሙስሊም ከፓኪስታንም፣ ከሶማሊያም፣ ከቦስኒያም ይመጣል፤ እንግሊዛዊም ይሰልማል፤ ስለዚህ እስልምና ዘር አይደለም ተባለ። በትምህርት ቤት በሃይማኖት ማግለልን የከለከለው ሕግ በታላቋ ብሪታንያ የወጣው በ2006 ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ የዘገየ ጊዜ ነው፤ ስንት ልጅ በዚያ መካከል ተምሮ ወጣ!

ዘር ስንል እኛ ትውልድንም ብሔርንም እንቀላቅላለን። እዚህ ላይ ግን ቃሉ የሚያመለክተው አንድን ድርጊት ነው፤ ሰዎችን እንደ አንድ ዘር መፈረጅን። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንደ ዴሪክ ቤል ያሉ አሜሪካውያን የሕግ ምሁራን ዘር በደም የሚወረስ ሳይሆን በሕግ፣ በተቋምና በልማድ የሚሠራ ነው ሲሉ ተከራከሩ። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ግሎሪያ ላድሰን ቢሊንግስና ዊልያም ቴት በ1995 ሐሳቡን ወደ ትምህርት አመጡት። በዚህ ዓይን ሲታይ ስም፣ ጢም፣ ሒጃብና የቆዳ ቀለም አንድ ላይ ተደምረው ሙስሊም የሚባል «ዘር» ይሠራሉ፤ ባሕርዩም አብሮ እንደተወለደ ይቆጠራል። ከመስከረም 11 ቀን 2001ዱ ጥቃት አራት ቀን በኋላ በአሪዞና በጥይት የተገደለው ባልቢር ሲንግ ሶዲ ሲክ ነበር። ጥምጥሙንና ጢሙን ያየው ገዳይ ሙስሊም መስሎት ነው።

በትምህርት ቤት ነገሩ ረቂቅ ነው። በ2015 የወጣው የብሪታንያ ፀረ ሽብር ሕግ ትምህርት ቤቶች ወደ ሽብር ሊሳቡ የሚችሉ ተማሪዎችን እንዲከታተሉ ያስገድዳል። ሕጉ ሃይማኖት ለይቶ አያነጣጥርም። ነገር ግን ምልክቱን፣ ለምሳሌ የተማሪን ዝምታ፣ መተርጎም ለመምህሩ ተትቷል፤ ዝም ያለ አንድ ልጅ ዓይን አፋር ሲባል፣ ዝም ያለው መሐመድ ሊጠረጠር ይችላል።

በ2018 የብሪታንያ የፓርላማ አባላት ቡድን እስላሞፎቢያን (በሙስሊሞች ላይ የሚታይ ጥላቻና ፍርሃትን) የዘረኝነት ዓይነት ብሎ ተረጎመው። መንግሥት ግን ትርጓሜውን አልተቀበለም። የትርጓሜው ተቃዋሚዎች ሃይማኖትን መተቸት ይታፈናል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱን አልንቀውም፤ ሆኖም ስለ እስልምና አስተምህሮ መከራከር አንድ ጉዳይ ነው፣ ገና አፏን ያልከፈተችን ተማሪ በስሟ መፍረድ ሌላ።