ቺሊ ክራብ፦ የሲንጋፖሮች የሸርጣን ስልስ

ቺሊ ክራብ ከነጠንካራ ሽፋኑ የተቆራረጠ ሸርጣን በቃሪያ፣ በቲማቲምና በእንቁላል በወፈረ ስልስ ተሠርቶ የሚቀርብ የሲንጋፖር ምግብ ነው። ስሙ «ቃሪያ ሸርጣን» እንደ ማለት ቢሆንም እንደ ስሙ አያቃጥልም። መጀመሪያ ጣፋጭነቱ ይሰማል፣ ኮምጣጣነቱ ይከተላል፣ ቃሪያው ዘግይቶ ይደርሳል። በርበሬ ለለመደ ምላስ እንዲያውም ገራም ነው። በቱሪዝም ማስታወቂያ ላይ የአገር መለያ ሆኖ ይታያል፤ ለሲንጋፖር ቤተሰቦች ግን አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ክብ ጠረጴዛ ከበው እጅጌያቸውን ሰብስበው የሚበሉት፣ የልደትና የዘመድ መገናኛ ምግብ ነው።

መነሻውም ቤት ነው። በ1950ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወይዘሮ ቼር ያም ቲያን ለቤተሰባቸው ሸርጣን የሚያዘጋጁት እንደ ብዙው ሰው በእንፋሎት አብስለው ነበር። ቤተሰቡ እንደሚያወሳው ባለቤታቸው ሊም ቹን ንጊ ያው ጣዕም ስለ ሰለቻቸው በሌላ መንገድ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ወይዘሮዋ የጠርሙስ የቲማቲም ሶስ ጨምረው ጠበሱት። ባልየው ቀመሱና ጣፋጭነቱ በዛ አሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቃሪያ ገባበት። ይኸው ነው። ለዝነኛ ምግብ ብዙውን ጊዜ የቤተ መንግሥት ግብር ወይም የታላቅ ወጥ ሠሪ ገድል ይፈለግለታል፤ ይህ ግን በራት ሰዓት ከተነሣ የባልና ሚስት ንግግር፣ ጓዳ ውስጥ ከተገኘ ጠርሙስ የተወለደ ነው።

ጎረቤት ቀመሰ፣ ወደደ፣ ሽጡት አለ። ባልና ሚስቱ በ1956 በካላንግ ወንዝ አጠገብ በሚገፋ ጋሪ ላይ መሸጥ ጀመሩ። ሥራው ሲሰፋ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቁ ጠረፍ፣ አፐር ኢስት ኮስት በሚባለው መንገድ ላይ «ፓልም ቢች» የተባለውን ምግብ ቤት ከፈቱ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ምግብ ቤቱን ሸጠው ወደ ኒውዚላንድ ሄዱ፤ ልጃቸው ሮላንድ ግን የእናቱን አሠራር ይዞ በስሙ የሚጠራ ምግብ ቤት አቋቋመ። ወይዘሮ ቼር በ2023 በ90 ዓመታቸው አርፈዋል።

ዛሬ በብዛት የሚበላው ግን የእሳቸው አሠራር ብቻ አይደለም። በ1963 «ድራጎን ፊኒክስ» የተባለውን ምግብ ቤት የከፈቱት ሁዪ ኮክ ዋይ፣ ሲንጋፖር ውስጥ «አራቱ ሰማያዊ ነገሥታት» ከሚባሉት ስመ ጥር ወጥ ሠሪዎች አንዱ፣ በጠርሙስ ሶሱ ፋንታ የቲማቲም ድልህና ሳምባል ተጠቀሙ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንቁላል ጨመሩ። ሳምባል ተወቅጦ የሚዘጋጅ የቃሪያ ቅመም ነው፤ የእኛን ዳጣ ያስታውሳል። ያ እንቁላል ነው ስልሱን ያወፈረውና ሐር የመሰለ ክር የሰጠው። ስለዚህ «እውነተኛው ቺሊ ክራብ የቱ ነው?» የሚለው ክርክር በአብዛኛው የእንቁላል ክርክር ነው። መልሱ የሚወሰነው ተከራካሪው በልጅነቱ የትኛውን ሲበላ እንዳደገ ይመስለኛል፤ በማስረጃ ሲፈታ አላየሁም።

ሸርጣኑ የጭቃ ሸርጣን የሚባለው ዝርያ ነው። በማንግሮቭ ደንና በወንዝ አፍ ጭቃ ውስጥ ይኖራል፤ ግዙፍ መቆንጠጫ አለው፤ ርጥበት ካገኘ ከውኃ ውጭ ለቀናት ይቆያል። በዚህ ምክንያት በገመድ ታስሮ በሕይወት ከአገር አገር ይጓዛል። በሲንጋፖር የሚበላው በአመዛኙ ከውጭ የሚገባ ነው፤ በትልቅነቱና በሥጋው ሙላት የሚመሰገነው የስሪላንካው ነው። ገዢው ሸርጣኑን ገልብጦ ሆዱ ላይ የታጠፈውን ክዳን ያያል፦ ጠባብና ሹል ከሆነ ወንድ፣ ሰፊና ክብ ከሆነ ሴት። መቆንጠጫ የሚወድ ወንዱን፣ እንቁላል የሚወድ ሴቷን ያስመዝናል። (ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ለማይበላ የኦርቶዶክስ ምእመን ይህ ሁሉ በንባብ ብቻ የሚቀመስ ነው።)

አሠራሩ ፈጣን ነው፤ ጊዜ የሚወስደው ዝግጅቱ ነው። ሸርጣኑ በብርድ ይደነዝዛል፤ የሆዱ ክዳን ይነሣል፣ የጀርባው ሽፋን ተላቆ ለብቻው ይቀመጣል፣ ላባ የመሰለው ግራጫ መተንፈሻ ይጣላል፣ አካሉ በአራት ይከፈላል። መቆንጠጫዎቹ በመዶሻ ወይም በቢላዋ ጀርባ ይሰነጠቃሉ፤ ካልተሰነጠቁ ስልሱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ዎክ በሚባለው ጎድጓዳ ምጣድ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንንሽ ቀይ ሽንኩርትና የተወቀጠ ቃሪያ ይቁላላሉ። አንዳንዱ የተቦካ አኩሪ አተር፣ አንዳንዱ ቤላቻን የተባለውን ሽታው ጎረቤት የሚጠራ የሽሪምፕ ቅመም ይጨምራል። ሸርጣኑ ገብቶ ከታመሰ በኋላ ቲማቲሙ፣ ስኳሩና መረቁ ይከተላሉ፤ ተከድኖ ሽፋኑ ቀይ ብርቱካናማ እስኪሆን ይበስላል። በውኃ የተበጠበጠ የበቆሎ ስታርች ያወፍረዋል። ከዚያ እሳቱ ይጠፋል። የተመታ እንቁላል በቀጭኑ ይንቆረቆራል፣ ማንኪያው አንድ ሁለቴ ብቻ ይዞራል። እሳቱ ሳይጠፋ እንቁላሉን ያፈሰሰ ሰው ስልስ ሳይሆን የእንቁላል ፍርፍር ነው የሚያወጣው።

የሚበላው በእጅ ነው። ጣት የሚያስጠላው ሰው ምግቡን ባያዝዝ ይሻላል። ከጎኑ ማንቶ የተባለ ትንሽ ነጭ ዳቦ ይቀርባል፤ በእንፋሎት የበሰለ ወይም በዘይት ተጠብሶ ወርቃማ የሆነ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። ሥራው እንጀራ በወጥ ላይ ያለው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ምግቡን በልጅነቱ የሚያውቀው በዚህ ዳቦ በኩል ነው፤ ሽፋን መስበር የማይችል ልጅ ማንቶውን ስልሱ ውስጥ እያጠቀሰ አባት ወይም አያት ሰብሮ የሚያቀብለውን ነጭ ሥጋ ይጠብቃል። መቆንጠጫ ለማን ይሰጣል የሚለው ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አንድ ሸርጣን ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ ለተከበረው፣ ለታመመው ወይም ለትንሹ ይደርሳል። ትልልቆቹ እግር እየመጠጡ «እኔስ እግሩን ነው የምወደው» ይላሉ።

የእነዚያ ትዝታዎች ቦታ ግን ተነቅሏል። ከ1966 ጀምሮ መንግሥት ምሥራቃዊውን ጠረፍ በአፈር እየሞላ ወደ ባሕሩ አስፋፋው፤ በሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ውስጥ ከ1,500 ሄክታር በላይ አዲስ መሬት ተፈጠረ። ቀድሞ ደጃቸው ማዕበል ይመታ የነበረ ምግብ ቤቶች ከባሕር ርቀው ቀሩ። በተሞላው መሬት ላይ ኢስት ኮስት የተባለው ሰፊ መናፈሻና ከ1985 ጀምሮ የባሕር ምግብ ቤቶች መንደር ተሠሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያደገው ትውልድ «የልጅነቴ ባሕር» የሚለው ወላጆቹ ሲዋኙበት የነበረውን ውኃ ሸፍኖ የቆመውን ዳርቻ ነው።

ጎረቤት ማሌዢያም ይገባኛል ትላለች። በ2009 የቱሪዝም ሚኒስትሯ ንግ የን የን ቺሊ ክራብን ጨምሮ አንዳንድ ምግቦች በሌሎች ተወስደውብናል ብለው በሁለቱ አገሮች ጋዜጦች ብዙ አነጋግረዋል። ሁለቱ አገሮች እስከ 1965 ለሁለት ዓመት ገደማ አንድ አገር ስለ ነበሩ ድስታቸውን መለየት ቀላል አይደለም፤ የጋሪው ታሪክ ግን የካላንግ ነው።

ሸርጣኑ የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ በብዙ ምናሌዎች ላይ ከስሙ ጎን ዋጋ አይጻፍም፣ «የወቅቱ ዋጋ» ይባላል። ውድ ስለ ሆነ ብዙ ቤተሰብ አንድ ሸርጣን አዝዞ ማንቶውን ያበዛል። ሥጋው ሲያልቅ ሳህኑ ላይ የሚተርፈው ስልስ አይደፋም፤ ታሽጎ ወደ ቤት ይሄዳል፣ በማግሥቱም ትኩስ ሩዝ ላይ ይፈስሳል። ሸርጣን የሌለበት ቺሊ ክራብ ይሉታል፤ ከዋናው የሚያስበልጡትም አሉ።