በትንሽ ገንዘብ ሃርድቴይል ስንገዛ የምንሸወድባቸው ነገሮች እና እውነታው

ስራ የሚያመላልስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ጫካ ወይ ኮረኮንች ይዞ የሚወጣ ሳይክል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻው ሃርድቴይል ነው፣ ማለት ሾኩ ፊት ብቻ የሆነ፣ ከኋላ ደረቅ ማውንቴን ባይክ። ምርጫው ልክ ነው። ችግሩ ዓይናችን የሚሄደው ተቆጥሮ የሚወራ ነገር ላይ ነው፣ ስንት ማርሽ፣ ስንት ሾክ፣ ምን የሚል ስቲከር። እኔም የመጀመሪያዬን እንደዛ ነው የገዛሁት፣ ስለዚ ከታች ያለውን ስናገር ራሴንም ጨምሬ ነው።

«ሁለት ሾክ ካንድ ይሻላል»

ውድ ሲሆን አዎ። በርካሹ ግን ተቃራኒው ነው። የኋላ ሾክ ያለው ፍሬም መሃሉ ላይ መገጣጠሚያ አለው፣ መገጣጠሚያ ደግሞ ይበላል፣ ይላላል፣ ይንጫጫል። ሾኩም ብዙውን ጊዜ ባዶ ሞላ ነው፣ ንዝረቱን የሚያበርድለት ነገር ስለሌለ ፔዳል በረገጥክ ቁጥር ከፍ ዝቅ እያልክ ጉልበትህን ለሞላው ትገብራለህ። የኔ እንደዛ ነበር፣ ዳገት ላይ ፈረስ የምጋልብ ነበር የምመስለው። ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሳይክሎች ካየህ አንዱ ሁለት ሾክ ካለው፣ ለሁለተኛው ሾክ የወጣው ገንዘብ ከፍሬኑና ከቸርኬው ላይ ነው የተቀነሰው፣ ከሌላ ከየትም አይመጣም።

«ማርሹ በበዛ ቁጥር ዳገት ይቀላል»

ይቺኛዋ ናት ብዙ ሰው የምትሸውደው። 21 ማርሽ ማለት ፊት 3 በኋላ 7 ሲባዛ ነው እንጂ 21 የተለያየ ማርሽ ማለት አይደለም። የተለመደውን እንውሰድ፣ የፊቱ ጥርስ 24፣ 34 እና 42፣ የኋላው ከ14 እስከ 28። ፊት 24 ኋላ 14 ብታደርግ፣ ፊት 34 ኋላ 20 ብታደርግ፣ ፊት 42 ኋላ 24 ብታደርግ ፔዳሉን አንዴ ስታዞር ጎማው የሚዞረው 1.7 ጊዜ ገደማ ነው፣ በቃ ሶስቱም አንድ ማርሽ ናቸው ማለት ይቻላል። በጣም ቀላሉ 24 ለ28 ነው፣ ሲካፈል 0.86። አሁን ደግሞ ፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ ብቻ ያለውን፣ ኋላ ደግሞ 10 ማርሽ ሆኖ ጥርሱ ከ11 እስከ 46 የሚሄደውን ውሰድ፣ ቀላሉ 32 ለ46 ነው፣ 0.70 ይመጣል። ከባዱ 2.9፣ የ21ዱ ደግሞ 3.0። ስለዚ ባለ 10ሩ ዳገት ላይ ይቀላል፣ ሜዳ ላይ ይሄ ነው የሚባል የሚያጣው ነገር የለም ማለት ነው፣ የፊት ማርሽ መቀየሪያውና ካቦውም ቀሩልህ።

ከዚ የባሰው ግን የማይታየው ነው። ባለ 7 ማርሽ ርካሽ ሳይክል ኋላው ብዙ ጊዜ ፍሪዊል ነው፣ ጥርሱ ሙሉው ተጠምዝዞ ሞዞው ላይ ይታሰራል፣ ለሱ ቦታ ለመልቀቅ ሲባል የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ወዲያ ያለው አክስል ያለ ደጋፊ ይቀራል። ደረጃ እየወረድክ ዱብ ዱብ ስታደርገው፣ ከባድ ቦርሳ ጭነህበት ጉድጓድ ስትገባበት አክስሉ ይጎብጣል ወይ ይሰበራል። ካሴት በሚባለው፣ ማለት ጥርሱ ሳይጠመዘዝ ሞዞው ላይ ተሰክቶ በሚታሰርበት ግን ኩሽኔታው ጫፍ ጋር ስለሆነ ይሄ ጣጣ የለም። ሻጩን «ካሴት ነው ፍሪዊል?» ብለህ ጠይቀው፣ ግራ ከገባው እዛው መልስህን አገኘህ።

«ሺማኖ ከተጻፈበት አለቀ»

ሺማኖ የሳይክል ማርሽና ፍሬን የሚሰራ ኩባንያ ነው፣ ከርካሹ እስከ ውዱ ሁሉንም ይሰራል። በድሮው ደረጃ ቱርኒ ታች ነው፣ ከዛ አልተስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ ዲኦሬ እያለ ይወጣል፣ በፈረንጆቹ ከ2023 ወዲህ ደግሞ መሃል ያሉትን ኪውስ በሚባለው መተካት ጀምረዋል። ስሙ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ብቻ ተለጥፎ ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ሞዞው የሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ አንድ በአንድ ነው የሚታየው።

«ዲስክ ፍሬን ካለው ሌላ አልይ»

ዲስክም ዓይነት አለው። ባለ ካቦው ርካሽ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚገፋው አንደኛውን ሸራ ብቻ ነው፣ ዲስኩን አጣሞ ከሌላኛው ሸራ ጋር ያጋጨዋል፣ ሸራው ትንሽ ባለቀ ቁጥር በእጅ ካላስተካከልከው መያዣው እስከ መሪው ይገባል። ደህና ሸራ የተገጠመለት ቪ ብሬክ፣ ማለት ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ የሚይዘው፣ በደረቅ መንገድ ከሱ አያንስም እንደውም ለጥገና ይቀላል (ዝናብና ጭቃ ላይ ግን ይቸገራል፣ ቸርኬውንም እየፋቀ ይበላዋል)። ሀይድሮሊክ (በካቦ ፋንታ በፈሳሽ የሚሰራው) ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ዝቅተኛው እንኳን ባንድ ጣት ያቆምሃል፣ ሸራው ሲያልቅም ራሱ ይጠጋል። ገንዘብ የሚጨመርበት ቦታ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እዚ ነው የምጨምረው። አዲስ ዲስክ መጀመሪያ ላይ ሲደክም ደግሞ አትደንግጡ፣ ከመካከለኛ ፍጥነት ሃያ ጊዜ ያህል ቀስ እያላችሁ ብትይዙት ሸራው ይላመድና ይነክሳል።

«የፊት ሾኩ ላይ ያለችዋን ቁልፍ ሳዞር ሾኩ ይጠነክራል»

አይጠነክርም። ቁልፏ ሞላውን ቀድማ ትጫነዋለች እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አትቀይርም። የርካሽ ሾክ ሞላ የሚመረጠው ለመካከለኛ ክብደት ሰው ስለሆነ ቀጭን ሰው ሲቀመጥበት ንቅንቅ አይልም፣ ከባድ ሰው ደግሞ ጥርቅም አርጎ ይዘጋዋል። በአየር የሚሰራው ግን በክብደትህ ልክ ይነፋል፣ ስትቀመጥበት ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ15 እስከ 25 በመቶ ገባ ካለ ጥሩ ነው፣ 100 ሚሊ ሜትር ለሚሄድ ሾክ 20 ሚሊ ገደማ ማለት ነው። ለስራና አልፎ አልፎ ለጫካ 100 በቂ ነው፣ 140 እና 150 አያስፈልግህም።

«ማውንቴን ባይክ አስፋልት ላይ ይጎትታል»

የሚጎትተው ሳይክሉ ሳይሆን ጎማው ነው፣ እሾሃማው ጎማ አስፋልት ላይ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ ራሱ የባከነ ጉልበትህ ነው። መሃሉ ለስላሳ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው ጎማ ቀይርበት፣ ሌላ ሳይክል ይሆናል። ደግሞ ባለ 29 ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ነው፣ 700 ሲ ከሚባለው የመንገድ ሳይክል ቸርኬ ጋር አንድ፣ ስለዚ የቸርኬውን ስፋት እስካየህ ድረስ ቀጠን ያለ የከተማ ጎማም ይገባለታል። ባለ 27.5 ግን 584፣ ባለ 26 ደግሞ 559 ነው፣ እነሱ የራሳቸውን ነው የሚፈልጉት። ነፋሱን በተመለከተ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጣሪያው ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። 70 ኪሎ ገደማ ለሆነ ሰው 2.2 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ አስፋልት ላይ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፣ ጫካ ስትገባ ወደ 28 አውርደው።

ስራ ለመሄድ ከሆነ ደግሞ ፍሬሙ ላይ የዕቃ መጫኛና የፓራፋንጎ ቡሎን ማሰሪያ ቀዳዳ መኖሩን እይ፣ ይሄን ሱቅ ውስጥ ማንም አያስታውስህም፣ ትዝ የሚልህ ጀርባህ በጭቃ ሲሞላ ነው።

«ተቀምጬ ሁለት እግሬ መሬት ከነካ ልኬ ነው»

ይሄ ጉልበት የሚያሳምም አቀማመጥ ነው። ኮርቻ ላይ ቁጭ ብለህ ተረከዝህን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታደርግ እግርህ ቀጥ ካለ ኮርቻው ልክ ነው፣ መሬት የሚነካው የጣቶችህ ጫፍ ቢሆን ችግር የለውም። የፍሬም ልክ ደግሞ ሌላ ነው፣ ሰው 29 ነው 27.5 ነው እያለ በጎማ ይለካል፣ ጎማ ግን ልክህን አይነግርህም። ከፍሬሙ በላይ ስትቆም ትንሽ ክፍተት መኖሩን፣ መሪውን ስትይዝም ክንድህ ላላ ብሎ መድረሱን ነው የምታየው።

«ያገለገለ መግዛት የሰው ጣጣ መግዛት ነው»

ካላየኸው አዎ፣ ካየኸው ግን ባንድ ገንዘብ ሁለት ደረጃ ከፍ ያለ ሳይክል ነው የምታገኘው። ማስመሪያ ይዘህ ሂድ። አዲስ ካቴና ላይ ከፒን እስከ ፒን 24 ጉጥ ብትለካ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 307 ከደረሰ ካቴናው አልቋል፣ ምናልባት የኋላ ጥርሱንም በልቶታል፣ ያንን ከዋጋው ላይ ታስቀንሳለህ። ከዛ የፊት ፍሬኑን ይዘህ ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ወዝወዝ አርገው፣ መሪው ስር ቋ ቋ የሚል ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል፣ ይሄ ይጠገናል። የማይጠገነው የፍሬም ስንጥቅ ነው፣ በተለይ የመሪው ቱቦ ብየዳ አካባቢ በጨርቅ ጠርገህ በስልክህ መብራት እየው፣ ፀጉር የምታክል መስመር ብታይ እንኳን ዋጋ ሳትጠይቅ ሂድ።